የ75 ሳንቲም ልዩነትና የወረቀት ምስክርነት

ወደ ኮምፒዩተር ሰርጎ የገባ ሰው ዱካው የሚመዘገበው በዚያው በገባበት ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስለሆነም የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ከጨበጠ ምስክሩን ራሱ ሊደመስስ ይችላል። ይህን እንቆቅልሽ መፍታት እንደሚቻል አስቀድመው ካሳዩት ምርመራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርንያ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የተጀመረው ነው።

በዚያ ዓመት በኦገስት ወር፣ ክሊፍ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ በላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ክፍል ሥራ እንደጀመረ፣ በአገልግሎት ሒሳቡ ላይ የታየውን የ75 ሳንቲም ልዩነት እንዲያጣራ ታዘዘ። ሒሳቡን የሚይዙት ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ስለነበሩ የአንዱ ድምር ከሌላው አልገጠመም። ገንዘቡ ኢምንት ቢሆንም ስቶል አልናቀውም፤ ልዩነቱን ሲከታተልም ክፍያ የሚጠየቅበት አድራሻ የሌለው ተጠቃሚ አገኘ።

እንግዳውን ወዲያው ማባረር ቀላል ነበር፤ ይሁንና ማንነቱ ተሰውሮ በቀረ ነበር። ስቶልና ባልደረቦቹ መከታተልን መረጡ። ከየቢሮው ማተሚያዎችና ተርሚናሎች ተውሶ ከውጭ በሚገቡት መስመሮች ላይ አያያዛቸው። መሣሪያዎቹ ያዳምጡ እንጂ ወደ መስመሩ አንዳች አይልኩም ነበር። ሰርጎ ገቡ የጻፈው ሁሉ እጁ በማይደርስበት ወረቀት ላይ ታተመ፤ ሰዓቱና ድርጊቱም በማስታወሻ ደብተር ሰፈረ።

ዱካው በመጨረሻ ምዕራብ ጀርመን፣ ሃኖቨር ከተማ ደረሰ። በዚያ የነበረው የስልክ ማዞሪያ የቆየ ሜካኒካል መሣሪያ በመሆኑ ደዋዩን ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ስለ አሜሪካ ስትራቴጂያዊ መከላከያ የሚናገሩ የሚመስሉ ሐሰተኛ ሰነዶች ተዘጋጅተው ተቀመጡለት፤ እርሱም እነዚህን ሲያነብ መስመሩን ሳይዘጋ ቆየ። ሰውዬው ወደ 450 ኮምፒዩተሮች ለመግባት ሞክሮ ከ30 በላይ በሚሆኑት እንደተሳካለትና የቡድኑ አባላት መረጃውን ለሶቪየት ኅብረት የስለላ ድርጅት እንደሸጡ ታወቀ። በ1990 ሦስት ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ግን በገደብ ነበር።

ዛሬ ማተሚያውን የተካው የኮምፒዩተሮችን መዝገብ በየቅጽበቱ የሚቀበል የተለየ ማሽን ነው። መርሁ ግን አልተለወጠም፤ ምስክር የሚታመነው ከተከሳሹ እጅ ውጭ ሲጠበቅ ነው። የተደፈረ ኮምፒዩተር ሲያጋጥመን ቶሎ አጽድተን ወደ ሥራ ለመመለስ እንጣደፋለን። ቅጂው ሳይወሰድና ሰዓቱ ሳይመዘገብ የሚደረግ ጥገና ግን ማሽኑን ቢያድንም፣ ማን እንደገባና ምን እንደወሰደ የሚመሰክረውን ያጠፋል።