የላይኛውና የታችኛው ትምህርት ቤት፦ ንጽጽር ምን ይለካል?



ያደግሁባት ከተማ ትንሽ ናት፤ በልጅነቴ ሁለት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሯት። አንዱ በንጉሡ ዘመን በድንጋይ የተገነባ፣ መቀመጫው የተሟላ ነበር። ሌላው ከአብዮቱ በኋላ ነዋሪው ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶ በእንጨትና በጭቃ ያቆመው ነው። ሕዝቡ «የላይኛው» እና «የታችኛው» ይላቸው ነበር። ስያሜው የመሬቱን አቀማመጥ ይገልጽ እንጂ ሰሚው ሁሉ የማዕረግ አድርጎ ይወስደው ነበር።

በየዓመቱ የሚኒስትሪ ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ንጽጽሩ ይታደሳል። የላይኛው ካስፈተናቸው አብዛኞቹን ያሳልፋል፤ የታችኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ንጽጽር ግን በእርግጥ ምንን ይለካ ነበር?

ልዩነቱ ከከተማችን የጀመረ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት በአገራችን ሲጀመር የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ የመንግሥት ሠራተኞችን ለማፍራት ታስቦ ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለዚህ ምስክር ነው። ጥቂቶችን መርጦ ማሳለፍ እንደ ጥራት የተቆጠረው ከዚያው ጀምሮ ነው። በ1966 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት አብዛኛው ልጅ በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲወሰን ሐሳብ ሲያቀርብ መምህራን ሥራ አቁመው ተቃወሙት፤ ወላጆችም የድሃ ልጅ መንገድ ሊዘጋ ነው ብለው ሠጉ። ተቃውሞው ለአብዮቱ መቀጣጠል ከረዱት አንዱ ሆነ። በኋላም፣ በተለይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ፣ የትምህርት ፍላጎት ከክፍሎቹ ቁጥር በላይ አደገ። የእኛም የታችኛው ትምህርት ቤት የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ በፈረቃ ያስተምር ጀመር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሁለቱን ትምህርት ቤቶች የቆዩ ሮስተሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ የማየት ዕድል አገኘሁ። ያስተዋልሁትን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ትምህርት ቤት 100 ልጆች ተቀብሎ 40 ለፈተና ቢያደርስና 36 ቢያሳልፍ ውጤቱ 90 በመቶ ይባላል። ሌላው 100 ተቀብሎ 80 ቢያደርስና 56 ቢያሳልፍ 70 በመቶ ይባላል። የተመሰገነው የመጀመሪያው ነው፤ ብዙ ልጆችን ያሻገረው ግን ሁለተኛው ነው። የላይኛው ደካማ የሚላቸውን ተማሪዎች ከፈተናው ዓመት በፊት መልቀቂያ እየሰጠ ያሰናብት ነበር። እነርሱም በታችኛው ሮስተር ላይ ብቅ ይላሉ።

ከእነዚያ ስሞች አንዱ የእኔ ነው። አምስተኛ ክፍል በሒሳብ ወድቄ መልቀቂያዬን ይዤ ስወርድ አባቴ ከኀፍረት የተነሣ ለቀናት አላናገረኝም። ታች አምስት ሆነን በአንድ አግዳሚ ወንበር እየተቀመጥን፣ ግማሽ ቀን እየተማርሁ ፈተናውን አለፍሁ። የእኔ መውደቅ ከላይኛው የፈተና ዝርዝር ተሰርዟል፤ በታችኛው ካለፉት መካከል ብቆጠርም ከተማው ያንን ትምህርት ቤት ደካማ ከማለት አልተመለሰም።

ዛሬም ትምህርት ቤቶችን በማሳለፍ መጠን ብቻ ስንደረድር ያንኑ ስሕተት እንደግማለን። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ትምህርት ቤት ልታወዳድሩ ስትነሡ ስላለፉት ከመጠየቃችሁ በፊት የመግቢያውንና የመልቀቂያውን መዝገብ ጠይቁ። ማን ገባ? ማን ወጣ? የወጣውንስ ማን ተቀበለው?