ሁለት ገጽ፣ ሁለት መቶ ዓመት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል። ሸዋ ሮቢት ገባችሁ ማለት ነው፤ ቀወት ወረዳ፣ የይፋት ቆላ። አብዛኛው ተጓዥ እዚህ ምሳውን በልቶ፣ ውሃ ገዝቶ ያልፋል። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ግን ይፋት የድንጋይ መስጊድ ያላቸው ከተሞች፣ ከዘይላ ወደብ ጋር የሚነግዱ ሰዎችና የራሳቸው ሱልጣኖች የነበሩበት አገር ነበር።

ታዲያ ይህን በምን አወቅን?

አንዱ ምስክር ድንጋይ ነው። ኖራ የሚባለው ቦታ ላይ የጥንት ከተማ ፍርስራሽና የመስጊድ ግድግዳ አለ፤ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አጥንተውታል። በይፋት በተገኙ የመቃብር ድንጋዮች ላይም የዋላስማ ሥርወ መንግሥት ስም በዐረብኛ ተቀርጾ ይነበባል። ግን ግድግዳ አፍ የለውም። ማን እንዳሠራው፣ ማን ማንን አሸንፎ እንደነገሠ አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ምስክር በሩቅ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል-ዑመሪ፣ በ15ኛው ደግሞ አል-መቅሪዚ የሚባሉ የዐረብ ጸሐፊዎች ስለ ይፋት ጽፈዋል። ሆኖም የጻፉት ወደ እነሱ አገር የመጡ ሰዎችን እየጠየቁ እንጂ አገሩን አይተው አይደለም።

ሦስተኛው ምስክር እዚሁ የተጻፈው ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩትም ስለ እሱ ነው።

በሮም፣ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «የቫቲካን ዐረብኛ 1792» የሚል ቁጥር የተሰጠው የእጅ ጽሑፍ አለ። የ12ኛው ቅጠል ጀርባና የ13ኛው ቅጠል ፊት ላይ፣ ማለትም መጽሐፉን ስትከፍቱት ፊት ለፊት በሚታዩት ሁለት ገጾች ላይ፣ «ዚክር አት-ተዋሪኽ» የሚባል አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል ተጽፏል። የሚያወራው ስለ ሸዋ ሱልጣኔት ነው። ገዢዎቹ ከመካው የመኽዙም ጎሳ እንደሚወለዱ ይናገሩ ነበር።

አጻጻፉ ቁጥብ ነው፤ ዓመት፣ ስም፣ የሆነው ነገር፣ አለቀ። ንግሥት ባዲት የማያ ልጅ በ455 ዓመተ ሂጅራ መሞቷን ይነግረናል። አዎ፣ ንግሥት! ወደ መጨረሻው ደግሞ ዲልማራ የሚባለው ሱልጣን ከዋላስማ ቤት ሚስት ማግባቱን፣ በኋላ ግን ተሸንፎ ወደ አማራው ንጉሥ መሄዱን ያነሣል። ዘመኑ የይኩኖ አምላክ ዘመን ነው። ከዚያ ወሊ አስማዕ ሸዋን ያዘ፤ የይፋት ሱልጣኔትም ገነነ።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። የሂጅራ ዓመት የጨረቃ ዓመት ስለሆነ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ገደማ ያጥራል። ስለዚህ የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዙና 622 ደምሩበት። 455 ሲባዛ በ0.97፣ 441 ይሆናል፤ 622 ሲደመርበት 1063። ባዲት የሞተችው በ1063 እ.ኤ.አ. ነው። በዚሁ መንገድ የወሊ አስማዕ ድል 1285 ላይ ያርፋል፤ ዜና መዋዕሉም በ1289 ይቆማል። ሁለት ገጽ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ!

ጽሑፉን ሐረር ላይ አግኝቶ በ1941 ያሳተመው ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው፤ ምሁር፣ በወረራው ዘመንም የጣሊያን ከፍተኛ ባለሥልጣን። የቀወት ልጅ የአካባቢውን ታሪክ ዋናውን ቅጂ ለማየት ሮም ድረስ መሄድ አለበት ማለት ነው። ይህ ያንገበግባል። በሌላ በኩል ጽሑፉ በመታተሙ በብዙ እጅ ገብቷል። ሁለቱም እውነት ነው።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን እስከዚያ መድረሱ ነው። የቫቲካኑ ቅጂ ራሱ ድርጊቶቹ ከተፈጸሙ ብዙ ዘመን በኋላ የተገለበጠ ነው። በመካከል ጦርነት አለ፣ እሳት አለ፣ የቆላ ሙቀትና ምስጥ አለ። እስቲ ለምሳሌ አንድ መጽሐፍ አንድ ክፍለ ዘመን የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ ነው እንበል። ከ1289 እስከ 1941 ድረስ ከስድስት ክፍለ ዘመን በላይ ነው። ግማሽን ስድስት ጊዜ ስታባዙት ከ64 አንድ ይመጣል። አምስት ቅጂ ቢኖር ግን በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ አምስቱም የመጥፋታቸው ዕድል ከ32 አንድ ብቻ ነው። እኛ መሐንዲሶች አንድ ቦታ ሲበላሽ ሁሉንም የሚያቆም ነገር ስናይ እንቅልፍ አይወስደንም፤ መድኃኒቱም መጠባበቂያ ነው። ገልባጮቹ ስሌቱን አልሠሩትም፤ ሥራውን ግን ሠርተውታል።

በዘመናችንም ተሠርቷል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው 9 ሺህ ገደማ ቅጂ ተሰብስቧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ሆነው ብዙዎቹን አንብበው መዝግበዋል። ዋናዎቹ መጻሕፍት በየቦታቸው ቀሩ፤ የተጓዘው ፎቷቸው ነው። ሐረር ውስጥም የሸሪፍ ሙዚየም በርካታ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችን ሰብስቦ ይጠግናል።

የቀረው ሥራ ግን በየቤቱ ነው። አያታችሁ ሣጥን ውስጥ፣ በመስጊዱ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የቆየ መጽሐፍ ካለ አትሽጡት፤ በፕላስተርም አትጠግኑት፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሻል። ባለቤቱን አስፈቅዱና በስልካችሁ እያንዳንዱን ገጽ በቅደም ተከተል አንሡ፤ ልኩ እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ። ባዶ ገጾቹንም አትዝለሉ። የድሮ የዐረብኛ መጻሕፍት ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር፤ ወደ ብርሃን ስታነሡት ሦስት ጨረቃ የመሰለ ምልክት ሊታያችሁ ይችላል። ተመራማሪዎች የወረቀቱን ዕድሜ ለመገመት ይጠቀሙበታል።

ፎቶዎቹን ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ። መጽሐፉ እዚያው ባለበት ይቆይ። ባዲትን ዛሬ በስሟ የምንጠራት አንድ ሰው ሁለት ገጽ ለመገልበጥ ስላልሰነፈ ነው።