የእንቁላል ቅርፊት አትጣሉ፤ ለጓሮ አፈር ኖራ ይሆናል

ባሕር ያላቸው አገሮች የተጣለ ዛጎል ፈጭተው ለእርሻ ኖራ ያደርጉታል። እኛ ቦንጋ ላይ ዛጎል ባይኖረንም የእንቁላል ቅርፊት አለን። የሁለቱም ዋና ማዕድን አንድ ነው፦ ካልሲየም ካርቦኔት። ከእንቁላል ቅርፊት 95 በመቶ ገደማው ይኸው ነው።

ለምን ይጠቅመናል? ካፋ ዝናብ ይበዛበታል። ዝናቡ ካልሲየሙን ከአፈር እያጠበ ሲወስደው መሬቱ አሲዳማ ይሆናል። ያኔ ማዳበሪያ ብንጨምርም ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ባቄላውም ገብሱም ይቀጭጫል።

አዘገጃጀቱ፦ ቅርፊቱን አጥቦ ምጣድ ላይ ማድረቅ፣ እንደ ዱቄት እስኪልም ወቅጦ መንፋት፣ ከመዝራት 1 ወይም 2 ወር ቀደም ብሎ ከአፈር ጋር መቀላቀል። ሻካራው ቶሎ አይሠራም።

መጠኑስ? በሄክታር 2 ቶን ኖራ ለሚፈልግ መሬት፣ 10 ካሬ ሜትር ጓሮ 2 ኪሎ ይበቃዋል። ይህ ወደ 400 የሚጠጋ እንቁላል ቅርፊት ነው። አንድ ቤት ብቻውን ቶሎ አይሞላውም፤ ምግብ ቤቶች ቢያጠራቅሙት ግን ለጎረቤት ጓሮ ይተርፋል። ለሰፊ ማሳ ያው የድንጋይ ኖራ ነው።

ጥንቃቄ፦ ቡና መጠነኛ አሲድ ያለው አፈር ስለሚስማማው፣ አፈሩን ሳታስመረምሩ ቡና ሥር አትጨምሩ።