ጦስኝና አድዋ ላይ የቀረው ጀርመናዊ

ጣርማ በር ላይ ብርዱ ፊት ይገርፋል። እዚያ ጉም ውስጥ፣ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል ትንሽ ቅጠል አለ፤ እግር ሲረግጠው ሽታው ይነሳል። ጦስኝ ነው። ከመንዝ እስከ ሰሜንና ባሌ ተራሮች ደጋ ደጋውን ይዞ ይኖራል።

በሳይንስ መዝገብ ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ነው። ሺምፐር ማን ነው? ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1837 አድዋ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ኢትዮጵያዊት አገባ። የወቅቱ የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ እንጢጮን ሾሙት፤ እሳቸው በ1855 ደረስጌ ላይ በካሳ (በኋላ አጼ ቴዎድሮስ በተባሉት) ሲሸነፉ ሹመቱም አብሮ ሄደ። ኋላ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ካቆዩዋቸው አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል ቅጠል በወረቀት እየጠፈጠፈ፣ እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። በ1878 አድዋ ላይ አረፈ። ባለቤቱ ጓዳ ውስጥም የደረቀ ጦስኝ ሳይኖር አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ ታዲያ ቅጠሉን ማን ለማን አስተዋወቀ?

ባለሙያ እናቶች ጦስኝን በጥላ ያደርቁታል። ፀሐይ ከመታው ሽታው ይበራል። ከዚያ ለሽሮና ለበርበሬ ከሌላው ቅመም ጋር ይፈጫል። ለሻይ ሲሆን ውሃው ከፈላና ከእሳት ከወረደ በኋላ ጣል አድርጎ መክደን ነው፤ አብሮ የሚያንተከትከው ሰው መዓዛውን ለቤቱ ጣሪያ ይሰጣል።

ለሳልና ለጉንፋን መጠጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጠሉ ውስጥ ካርቫክሮልና ታይሞል የሚባሉ ተዋሲያንን የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮች አሉ። ታይሞልን ከአውሮፓው ጦስኝ ለይቶ ያወጣው ካስፐር ኑማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1719 ነው፤ ዛሬ አፍ መጉመጥመጫ ውስጥ ይገባል። ደም ግፊት ያወርዳል የሚባለውን በተመለከተ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ተስፋ ሰጪ ምልክት ታይቷል። አይጥ ላይ የታየው ግን የሰውን ኪኒን አያስጥልም፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ገበያ የሚደርሰው ጦስኝ አብዛኛው ከዱር የሚለቀም ነው። ለቃሚው ሲቸኩል ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ የተነቀለው ደግሞ ለከርሞ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ስትገዙ እሽጉን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ሥሩ ላይ አፈር ካለበት፣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።