ጣሪያና ሙቀት በዋግ ቆላ የሥራ ቤቶች

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ አየሩ ቶሎ ይለወጣል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ በሸለቆው በኩል ያለው የሰሃላ ወረዳ በአብዛኛው ቆላ ነው። አካባቢው በ13 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ፣ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትውላለች። የነሐሴዋን ዝናብና ደመና ያበርዷታል፤ የሚያዝያዋ ግን ከበጋው መጨረሻ ጋር ትገጥማለች። ያን ጊዜ ትኩሳቱን ከግድግዳው ይልቅ የሚቀበለው ጣሪያው ነው።

የዋግና የትግራይ ነባር ግንበኞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሕድሞ የሚባለው ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው በእንጨት ርብራብ ላይ የተደለደለ አፈር ነው። አፈሩና ድንጋዩ የቀኑን ትኩሳት ቀስ እያሉ ይጠጣሉ፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ፀሐይዋ ጠልቃለች። ፈታይዋም ሸማኔውም በእኩለ ቀን ከደጅ በቀዘቀዘ ቤት ይሠሩ ነበር።

ቆርቆሮ በአዲስ አበባ መታየት የጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ሲደርስ ማጓጓዙ ቀለለ፤ ወደ ሰሜኑ ገጠር ግን የዘለቀው እጅግ ዘግይቶ፣ ከመንገድና ከመንግሥት ሥራ ጋር ነው። ቢሮው፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ በጭቃ ወይም በብሎኬት ግድግዳ ላይ ቆርቆሮ ለበሱ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ ምስጥም አይበላውም፤ ስስ በመሆኑ ግን ፀሐይ እንደወጣች ይግላል፣ ትኩሳቱንም ከሥሩ በተቀመጠው ሰው አናት ላይ ይለቃል።

የሰሃላ ልጆችና መምህራን ብዙ ዘመን የተማሩትና ያስተማሩት በዳስ ነው። ዳስ ጥላ ይሰጣል፣ ነፋስም ያሳልፋል። በሙቀት ረገድ ኮርኒስ ከሌለው የቆርቆሮ ክፍል ይሻላል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አቧራና ዝናብ አይከለክልም፣ ክረምት ሲገባም ትምህርት ይስተጓጎላል። ስለዚህ ዳሱ በቋሚ ክፍል መተካቱ ተገቢ ነው። ጥያቄው ክፍሉ እንዴት ይሠራ የሚለው ነው፤ ወጪ ሲያጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚቀረው ኮርኒሱ ነውና።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቤቱ ረጅም ጎኑን ለሰሜንና ለደቡብ ሲሰጥ የጧትና የማታ ፀሐይ የሚያገኘው አጭሩን ግድግዳ ብቻ ነው። ትይዩ መስኮቶች ነፋስ ያሳልፋሉ። ከኮርኒሱ በላይ የሚተው መተንፈሻ የጋለውን አየር ያስወጣል፤ ሰፊ በረንዳ ግድግዳውን ያጠላል። የሥራ ሰዓትም የመከላከያው አካል ነው፤ እንደ ድሬዳዋና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ቢሮዎች ማልደው ተከፍተው የቀትሩን ዕረፍት ያረዝማሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታው የሠራተኛውን ጤና እንዳይጎዳ የማድረግ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ በቆላ አገር ይህ ግዴታ የሚጀምረው ከጣሪያው ነው።