ጨፋ ሮቢት፦ ረግረጉና የገበያው ቀን

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ በካርታ ላይ የሚገኘው «ጨፋ ሮቢት» የሚለው ስም፣ የቦታውን መልክና የገበያውን ቀን አንድ ላይ የያዘ ጥምር ስም ነው። «ጨፋ» በኦሮምኛ ውኃ የሚተኛበትን፣ ለምለም ሣር የሚበቅልበትን ረግረጋማ መስክ ከሚያመለክተው «ጨፌ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋውንና በበጋ ከቆላው ጭምር ለሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብት ግጦሽ የሆነውን ሜዳ በትክክል ይገልጻል። በገዳ ሥርዓት ጉባኤው በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበር ቃሉ የሸንጎም ስም ሆኗል፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» መባሉም ከዚሁ የመነጨ ነው።

«ሮቢት» ደግሞ የረቡዕ ገበያ ማለት ነው። በግእዝ አራተኛ ቀን የሆነው «ረቡዕ» በአማርኛ አፍ «ሮብ» ሆኖ «‑ኢት» የሚለውን ቅጥያ ሲያስከትል ቀኑ ወደ ቦታ ስምነት ይሻገራል፤ ከባሕር ዳር ወዲያ ያለችው ሐሙሲትና በጎንደር ያለችው ማክሰኝት በዚሁ መንገድ የተሠሩ ስሞች ናቸው። በኦሮምኛም ቀኑ «ሮቢ» ስለሚባል፣ ስሙ ሁለቱን ቋንቋ ለሚናገረው ለአካባቢው ሕዝብ ከሁለቱም ወገን ግልጽ ነው፤ የስሙ ትልቁ ውበትም ይኸው ነው። በዚያው ዞን የምትገኘው ሰንበቴም የእሑድ ገበያዋን በስሟ ትናገራለች። ረቡዕ ግን የብዙ አገር የገበያ ቀን በመሆኑ፣ በአዲስ አበባና ደሴ መንገድ ላይ ያሉትን ሁለት ሮቢቶች ለመለየት አንደኛዋ ሸዋ፣ ሌላዋ ጨፋ የሚል ስም በፊቷ አስቀድማለች።