የአሮጌ ሕንፃ ታሪክና የድመት ምስክርነት

የአንድ አሮጌ ሕንፃ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ማን አሠራው፣ መቼ ተመረቀ ከሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም በሕንፃው ውስጥ ደመወዝ ሳይቆረጥላት፣ ስሟም በመዝገብ ሳይሰፍር ዕድሜዋን በሙሉ የምታገለግል ነዋሪ መኖሯን እንዘነጋለን። ይህች ነዋሪ ድመት ናት። እህል፣ ወረቀትና ወጥ ቤት ባለበት ሁሉ አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበትም ድመት ትፈለጋለች። ከዚህ ቀጥለን በአሜሪካ የሚገኙ ሦስት የታወቁ ሕንፃዎችንና አንድ ቤተ መጻሕፍትን ከነድመቶቻቸው እንመለከታለን። ነገሩ ያስቃል፤ ግን ወሬን ከማስረጃ መለየት ለሚማር ተማሪ መልካም መልመጃ ይሆነዋል። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ወደ ዋሽንግተን እንሂድ። የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ካፒቶል የተባለው ሕንፃ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1793 በጆርጅ ዋሽንግተን እጅ ነው። በምድር ቤቱ አይጥ እንዲይዙ ድመቶች ይኖሩ እንደነበር ይነገራል። ከእነዚህ አንዷ ግን ተራ ድመት አልነበረችም ይላሉ የሌሊት ዘበኞች፦ ጥቁር ናት፤ ስትቀርባቸው እያደገች ሄዳ ዝሆን ታክላለች፤ በአገር ላይ መከራ ሊደርስ ሲልም ትታያለች። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1865 ከመገደላቸው በፊት ታይታለች የሚሉም አሉ። ለዚህ ሁሉ ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰው በሕንፃው ወለል ሲሚንቶ ላይ የቀረው የድመት ኮቴ ነው።

ኮቴው በእርግጥ አለ። ይሁን እንጂ ያ ሲሚንቶ የፈሰሰው በ1898 በሕንፃው ውስጥ የጋዝ ፍንዳታ ከደረሰ በኋላ ለጥገና ነው ይባላል። ይህም ሊንከን ከሞቱ ከ33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ ኮቴው የሚመሰክረው ሲሚንቶው ሳይደርቅ አንዲት ድመት ማለፏን እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ስለ ዝሆኗ ድመትም የካፒቶልን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች የሚሰጡት ማብራሪያ አለ። በዚያ ዘመን የዘበኝነት ሥራ የሚገኘው በምክር ቤት አባላት ዝምድናና ትውውቅ ስለነበር፣ በሥራ ላይ የሚጠጣ ዘበኛ አይታጣም ነበር። አንዱ ሰክሮ ወለሉ ላይ እንደተጋደመ ድመት መጥታ ፊቱን ትልሰዋለች፤ ዐይኑን ቢገልጥ ግዙፍ ፍጡር አፍጥጣበታለች። ለአለቃው ቢናገር፣ ቤትህ ሄደህ ዕረፍ ተባለ። ጓደኞቹም ድመቷን ማየት የአንድ ቀን ዕረፍት እንደሚያስገኝ ሲረዱ እየተከታተሉ ያዩዋት ጀመር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ ዘበኛው በጠጣ ድመቷ ስሟ ጠፋ።

ሁለተኛው ሕንፃ በኒው ዮርክ በ1902 የተከፈተው አልጎንክዊን ሆቴል ነው። ከ1919 ጀምሮ ዶሮቲ ፓርከርን የመሳሰሉ ጸሐፊዎችና ኃያስያን ምሳ ለመብላትና በቀልድ ለመወራረፍ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰቡበት ነበር። እንደ ሆቴሉ ትውፊት፣ የሆቴሉ ኃላፊ ፍራንክ ኬዝ ከመንገድ የመጣች የተራበች ድመት አስጠጋ። ከዚያ በኋላ ወንዱ ድመት ሁሉ ሐምሌት፣ ሴቷም ማቲልዳ እየተባሉ እንደ ነገሥታት በተራ ይተካኩ ጀመር። ሐምሌት የተባለውን ስም ያወጣው ተዋናዩ ጆን ባሪሞር ነው ይባላል። አንባብያን ይህን ስም በጸጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛ ትርጉም እንደሚያውቁት አንጠራጠርም። የዴንማርኩ ልዑል የአባቱን ደም ለመበቀል ሲያመነታ፣ የኒው ዮርኩ ሐምሌት ግን አይጥ ሲያይ ብዙ የሚያመነታ አይመስለንም። በ2011 የከተማው ጤና ጥበቃ ደንብ ምግብ በሚቀርብበት ስፍራ ድመት መዘዋወሯን ስለማይፈቅድ የማቲልዳ ነፃነት ተገደበ።

ሦስተኛው በፍሎሪዳ ግዛት በኪ ዌስት ደሴት በ1851 የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ከ1931 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ኖሮበታል፤ ከ1964 ወዲህም ሙዚየም ሆኗል። በግቢው ውስጥ ሃምሳ ያህል ድመቶች ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም ባለ ስድስት ጣት ናቸው። ሙዚየሙ እንደሚለው እነዚህ አንድ የመርከብ አዛዥ ለደራሲው ከሰጠው ነጭ ድመት የተወለዱ ናቸው። ሌሎች ግን ሄሚንግዌይ ድመት በብዛት ያረባው በኪውባ ቤቱ ነው ሲሉ ይከራከራሉ። የጣት ብዛት በዘር የሚተላለፍ ቢሆንም በሌላ ቦታ ባሉ ድመቶችም ስለሚታይ፣ ጣት መቁጠር ብቻውን የዘር ሐረግን አያረጋግጥም።

በ2012 የእነዚሁ ድመቶች ጉዳይ ከፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሙዚየሙ፣ ድመቶቻችን ከግቢያችን አይወጡም፣ የማዕከላዊው መንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት ምን አገባው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ድመቶቹ ከሌሎች ግዛቶች ጎብኚ የሚስቡ ስለሆነ ንግዱን ይነካሉ፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ይቆጣጠራቸዋል ሲል ወሰነ። በ2017 ኢርማ የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲመታ ነዋሪው እንዲወጣ ቢታዘዝም፣ አሥር የሙዚየሙ ሠራተኞች ከ54 ድመቶች ጋር በወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ቆዩ። ሁሉም በሕይወት ተረፉ።

በመጨረሻም በቴክሳስ ግዛት ዋይት ሰትልመንት ከተማ የሆነውን እንጥቀስ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ አይጥ ስላስቸገረው በ2010 ብራውዘር የተባለ ድመት አስገባ። በ2016 የከተማው ምክር ቤት ድመቱ ይውጣ ሲል በሁለት ድምፅ ለአንድ ወሰነ። የብዙ ሰው ተቃውሞ ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ ግን ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ ምክር ቤቱ ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ ሻረ።

ከእነዚህ ታሪኮች ምን እንማራለን? ድመቷ ወደ ሕንፃው የገባችው ለሥራ ነው። አይጡ ሲቀንስ ግን ሰዎች አላሰናበቷትም፤ ሕንፃውን የራሳቸው ቤት ያስመሰለችው እርሷ ነበረችና። ከኋላዋ ብንከተላት ዘበኛው በማን ዝምድና እንደተቀጠረ፣ የጤና ደንብ ምን እንደሚል፣ የመንግሥት ሥልጣን እስከምን እንደሚደርስ ታሳየናለች። እነዚህም ትላልቅ የታሪክ ጥያቄዎች ናቸው።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸው የአንድን አሮጌ ቤት ታሪክ እንዲጽፉ ሲያዝዙ የባለቤቱን ስም በማስመዝገብ ብቻ እንዳይወሰኑ እናሳስባለን። በቤቱ ውስጥ ማን ሠራ? ማን መገበው? ስለ እርሱ የሚወራው ከየት መጣ? በወለሉ ላይስ የቀረ ኮቴ አለ ወይ? ካለ ኮቴው መቼ እንደታተመ ይጠየቅ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና።